ለመንገድ መሐንዲሱ አባታችን የአርባ መጽሔት፦ ዓመቶቹ አልገጥም አሉን፣ ፕላኖቹም እየተሰነጠቁ ነው

የመሐንዲሱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን በ91 ዓመታቸው በ2017 ዓ.ም. አርፈዋል። ለ30 ዓመት በአውራ ጎዳና በመሐንዲስነት ያገለገሉ፣ ሰባት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ስለ ሥራቸው ቤት ውስጥ ብዙም አያነሡም ነበር፤ «ኢንጂነር» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ «በስሜ ጥራኝ» ይሉት ነበር። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት የተጻፈ ስለነበር ብዙ ስህተት ገባበት። አሁን ለአርባቸው ባለ 16 ገጽ ትንሽ መጽሔት ልናሳትም፣ ለሐውልታቸውም ጽሑፍ ልንሰጥ ነው። የቀረን 26 ቀን ነው።

እጃችን ላይ ያለው ዲፕሎማ፣ የሥራ ደብዳቤዎች፣ የጡረታ መታወቂያ፣ ያረጀ ፓስፖርት፣ ገጹ የሚለጠፍ የፎቶ አልበም፣ ስድስት ጥቅል ፕላን፣ 11 የመስክ ደብተርና አንድ ስላይድ ሩል (ከካልኩሌተር በፊት መሐንዲሶች የሚያሰሉበት ተንሸራታች ማስመሪያ) ነው።

የቸገረን ይህ ነው፦

የልደት ዓመት። እናታችን 1926 ትላለች። የጡረታው መዝገብ 1929 ይላል፤ ፓስፖርቱ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1937። ሁለት ለአንድ ስለሆነ 1929ን እንያዝ?

ምረቃ። በቀብሩ ላይ ዲፕሎማው ላይ ያለው ዓመት ተወስዶ «በ1962 ዓ.ም. ተመርቀው» ተብሎ ተነበበ። ነገር ግን የተጋቡት በ1956 ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመወዝ በልተው ነበር።

አንድ የደብተር ገጽ። «ከኪ.ሜ. 12+400 እስከ 14+800» ይላል፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ግርጌው ላይ 0.031 በቀይ ተከብቦ ገጹ በሙሉ በአንድ ሰያፍ መስመር ተሰርዟል። ቀጣዩ ገጽ የማግስቱ ቀን ተጽፎበት ያንኑ ቦታ ይደግምና ግርጌው ላይ 0.009 ይላል። ምን ማለት ነው?

ፕላኖቹ ደግሞ ሲዘረጉ ጠርዛቸው እየተሰነጠቀ ነው።

በመጨረሻ፣ ውዳሴ የማይወዱ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጻፋል?

---

ማኅደር

ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

የጡረታው መዝገብና ፓስፖርቱ ሁለት ምስክር አይደሉም፤ አንዱ ምስክር ሁለት ጊዜ ሲናገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መጀመሪያ ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላል። እዚያ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ለጡረታ የሚታሰበው ነው፤ በኋላ ልቀይረው ቢሉ አይቀየርም። ፓስፖርት ሲወጣ ያው ዓመት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመለስና ቀኑና ወሩ ካልታወቀ ጃንዋሪ 1 ይባላል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1937 በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1929 ነው። ያው መዝገቡ ነው።

ስለዚህ የእናታችሁን 1926 በቀላሉ አትጣሉት። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ማለትም ሚያዝያ 1928፣ አባታችሁ ተወልደው ነበር? በዕድሜ የገፋ ዘመድ «በእግሩ ይሄድ ነበር» ወይም «አዝለነው ሸሸን» ካለ 1929 ሊሆን አይችልም። ጥያቄውን ስታቀርቡ ግን «1926 ነው 1929?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የጠቆማችሁትን ይመልሱላችኋል። «ያኔ ማን ማን ነበር ቤቱ ውስጥ?» በሉ።

የዲፕሎማው 1962 የፈረንጅ መሆን አለበት። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። የክረምት መግቢያ ምረቃ ከሆነ 1954 ዓ.ም. ይመጣል። ዲፕሎማው «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ይላል? ተቋሙ ያንን ስም የያዘው በ1954 ነው፤ ከ1967 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ ድመሩት፦ 1954 ላይ ሥራ፣ 30 ዓመት አገልግሎት፣ 1984። በመዝገቡ 1929 ላይ የያኔውን የጡረታ መውጫ 55 ብትደምሩም 1984። የስንብት ደብዳቤያቸው ያን ዓመት ከሆነ የምረቃው ጥያቄ ተዘጋ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም በዘመኑ አጠራር ጻፉት። በ1954 የተቀጠሩበት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነው። በደርግ ዘመን የትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ሆነ፣ በኋላ መንገዶች ባለሥልጣን፣ ዛሬ የመንገዶች አስተዳደር። «በ1954 በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ተቀጠሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር የቀድሞ ባልደረቦቻቸው እጅ ሲገባ ሌላው መረጃ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከ1984 እስከ 2017 ያለው 33 ዓመት ነው፤ ከአገልግሎት ዘመናቸው ይረዝማል። አብዛኛው የሕይወት ታሪክ ግን «በክብር በጡረታ ተሰናብተው» ካለ በኋላ በቀጥታ ወደ ሕመሙ ይሻገራል። የእድሩን ሒሳብ ማን ያዘ? የሰፈሩን ቦይ ማን ቀየሰ? የልጅ ልጆቹን ሒሳብ ማን አስጠና? ይህ ቢያንስ ሁለት ገጽ ይገባዋል።

---

ቤንች ማርክ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ ደብተሩ ገጽ እኔ ልመልስ፤ እኔ ብሆን መጽሔቱን የምጀምረው በዚያ ገጽ ነው።

የሌቭሊንግ ገጽ ነው። ሌቭሊንግ ማለት ከፍታው ከታወቀ አንድ ነጥብ፣ ማለትም ከቤንች ማርክ ተነሥቶ፣ በሌቭል (አግድም በሚያሳይ ባለ መነጽር መሣሪያ) እና በስታፍ (ቁጥር በተጻፈበት ዘንግ) የመሬቱን ከፍታ እያነበቡ እስከ ሌላ የታወቀ ነጥብ መሄድ ነው። መጨረሻ ላይ በስሌት የመጣው ከፍታ ከታወቀው ጋር ይነጻጸራል። 0.031 የዚያ ልዩነት ነው፦ 31 ሚሊ ሜትር።

12+400 ማለት 12 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ነው፤ ከዚያ እስከ 14+800 ያለው 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በብዛት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ 12 ሚሊ ሜትርን በርቀቱ ካሬ ሥር ማባዛት ነው፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወሰዳል። የ2.4 ካሬ ሥር 1.55 ያህል ስለሆነ የሚፈቀደው ከ18 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ነው። 31 አለፈ፤ ስለዚህ ሰረዙት። በማግስቱ 9 መጣ፤ ተቀበሉት።

የገጹን ግርጌ ደግሞ እዩ። የባክ ሳይት (ከፍታው ወደታወቀው ነጥብ፣ ወደ ኋላ የተነበበው) ድምርና የፎር ሳይት (ወደ ፊት የተነበበው) ድምር ይኖራል። የሁለቱ ልዩነት ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ከፍታ ልዩነት ጋር እኩል ከሆነ መደመር መቀነሱ ላይ ስህተት የለም፤ ስህተቱ ያለው ንባቡ ላይ ነው። ይህ ማለት ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ በመከለስ አይገኝም። ወይ 31ዱን ሚሊ ሜትር በየነጥቡ አከፋፍሎ ማለፍ ነው፣ ወይ ስታፍ ያዡን ይዞ ያንኑ 2.4 ኪሎ ሜትር እንደገና መሄድ። አባታችሁ ሄዱ።

31 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። 8 ሜትር ርዝመት ያለው ከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ቱቦ) በግማሽ ፐርሰንት ተዳፋት ሲተከል ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚወርደው 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስህተቱ የትኛው ንባብ ላይ እንደወደቀ አይታወቅም። እዚያ ቱቦ ላይ ከወደቀ ከተዳፋቱ ሦስት አራተኛውን ይበላዋል። ውኃው ይቆማል፣ ደለል ይሞላል፣ በሦስተኛው በአራተኛው ክረምት መንገዱን ከጎኑ ይቆርጠዋል።

ሌላ የምትፈልጉት ምልክት፦ በመስክ ደብተር ላይ ላጲስ አይነካም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ከበላዩ ትክክለኛው ይጻፋል፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት። 11ዱንም ደብተር ብታገላብጡና የተፋቀ ቦታ ካላገኛችሁ፣ ስለ አባታችሁ ጠባይ ከእኛ ሁሉ የበለጠ ተናግረዋል።

ከዚያ ወደ ፕላኖቹ። በእያንዳንዱ ወረቀት ቀኝ ግርጌ ላይ ሳጥን አለ፦ የነደፈ፣ የሳለ፣ ያረጋገጠ፣ ያጸደቀ፤ በየረድፉ አጭር ፊርማና ቀን። ፊርማቸው የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ለእያንዳንዱ ወረቀት መዝግቡ። የሕይወት ታሪክ ትልቁ ጥፋት «ሠሩ» የሚለው ግስ ነው። መንገድ የሚሠራ አንድ ሰው የለም። የቀየሰ አለ፣ የነደፈ አለ፣ ስሌቱን ያረጋገጠ አለ፣ ተጠሪ መሐንዲስ ሆኖ የተቆጣጠረ አለ፣ ጥገናውን የመራ አለ። «በአገራችን የመንገድ ግንባታ ታላቅ አስተዋጽኦ ያበረከቱ» ማለት የማንንም ስም ማስገባት ይቻልበታል። «የሦስት ከልቨርቶችን ስሌት ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው» የሚለው ግን የእሳቸው ብቻ ነው። ውዳሴ ለማይወድ ሰው የሚጻፈውም እንዲህ ነው፤ ቅጽሉን ትታችሁ ግሱን በትክክል ምረጡ።

ስላይድ ሩሉን በአልኮል ወይም በአሴቶን እንዳታጸዱት፤ ፊቱና ቁጥሮቹ ሊበላሹ ይችላሉ። በትንሹ እርጥብ ያለ ጨርቅ ይበቃል። ለልጅ ልጆቹ ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦ ይህ መሣሪያ የሚሰጠው ሦስት አሃዝ ያህል ነው፤ መልሱ 47 ይሁን 470 የሚያውቀው ሰውየው ነው።

---

የመሐንዲሱ ልጅ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የስንብት ደብዳቤው ሐምሌ 1984 ነው፤ ገጥሟል። የእናታችን ታላቅ እህትም «ጣልያን ሲገባ ከእኔ ጋር ከብት ቤት ተደብቋል» አሉ፤ ስለዚህ 1926።

ፕላኖቹን ግን ያየነው ሁለቱን ብቻ ነው። አንዱ ላይ ፊርማቸው «ያረጋገጠ» ረድፍ ላይ ነው። ሁለተኛው የድልድይ ፕላን ነው፤ ስማቸው የትም የለም። ቤተሰቡ ውስጥ ግን «የአባባ ድልድይ» ሲባል ነው የኖረው። ምን እናድርግ?

---

ቤንች ማርክ

«የአባባ ድልድይ» የሚለውን አትሰርዙት፤ ግን የቤተሰብ አጠራር መሆኑን ጻፉ፦ «ቤተሰቡ የአባባ ድልድይ እያለ የሚጠራው»። ከዚያ የነበራቸውን ድርሻ ፈልጉ። የፕላኑ ሳጥን ላይ የሌለ ሰው መስኩ ላይ ሊኖር ይችላል። ደብተሮቹ ውስጥ የኮንክሪት ሙሌት ቀኖች፣ የሲሚንቶ ከረጢት ብዛት፣ የኪዩብ ናሙና (ከሙሌቱ ተወስዶ በኩብ ቅርጽ የተዘጋጀ ኮንክሪት) ቁጥሮች፣ «7 ቀን» እና «28 ቀን» የሚሉ ዓምዶች ካሉ ተቆጣጣሪ ነበሩ ማለት ነው። ናሙናው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካልና። እነዚህ ከሌሉና ከፍታና ርቀት ብቻ ከሆነ ቅየሳው ላይ ነበሩ። ሁለቱም ከሌሉ «ድልድዩ ባለበት መስመር ላይ አገልግለዋል» ብላችሁ እለፉ።

---

ሰነድ ጠባቂ

ፕላኖቹን ለጊዜው አትዘርጉ። መጀመሪያ ዓይነታቸውን ለዩ። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ ከሆነ ብሉፕሪንት ነው። መደቡ ነጣ ያለ፣ መስመሩ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ በአሞኒያ የታተመ ዳያዞ ነው። በስተኋላው ብርሃን የሚያሳልፈው ቀጭኑ ትሬሲንግ ወረቀት ነው፤ በብዛት የሚሰነጠቀውም እሱ ነው፣ እየደረቀ ስለሚሄድ።

ዳያዞ ብርሃን ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ የሚተነውም ኬሚካል አጠገቡ ያለውን ስለሚያቆሽሽ ከሌሎቹና ከፎቶዎች ተለይቶ ይቀመጥ። ብሉፕሪንት ደግሞ አልካሊ አይወድም፤ ሳሙናም ሆነ የኖራ ብናኝ አያግኘው።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ጥቅሉን ንጹሕና ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አኑሩ፤ የላስቲክ ማሰሪያውን አትጎትቱት፣ በመቀስ ቁረጡት። መጀመሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ክፈቱና በንጹሕ ነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ጫኑበት። በማግስቱ ሌላ 20 ጨምሩ። ተቃውሞ ከተሰማችሁ ቁሙ። ከቀናት በኋላም እንቢ ካለ እንዳለ ይቀመጥ፤ ግርጌውን ሳጥን ለማንበብ ጫፉ ከተከፈተ ለመጽሔቱ ይበቃል። በእንፋሎት ማርጠብ፣ በካውያ መተኮስ፣ በፕላስተር መለጠፍ፣ ላሚኔት ማድረግ ፈጽሞ አይሆንም። ፕላስተሩ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ፎቶ ስታነሡት ከመስኮት በሚገባ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብርሃን ይሁን። ስልኩ ከወረቀቱ ትይዩ ሆኖ ከላይ ይያዝ፤ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ስኬሉ እንዲታወቅ። ትልቅ ከሆነ በክፍል በክፍል አንሡ፣ ክፍሎቹም በሩብ ያህል ይደራረቡ። ሰነዶችን በ300 ዲ.ፒ.አይ.፣ ትንንሽ ፎቶዎችን በ600 ስካን አድርጉ። ዋናውን ጥራቱ በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ አስቀምጡ፤ ጄፔጉ ለማተሚያ ቤትና ለዘመድ ነው። አንዱን ቅጂ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ዘንድ ላኩ፤ ኦሪጅናሉን ግን አታጓጉዙ።

አልበሙ ዛሬውኑ ሥራ ይፈልጋል። ያ የሚለጠፍ ገጽ ሙጫው ፎቶውን እየበላው ነው። የፕላስቲክ ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ በማለት አላቁት። ፎቶው መታጠፍ ከጀመረ ተዉት፤ እዚያው እንዳለ በካሜራ አንሡት። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም ቀን ካለ እሱንም አንሡ። ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ። እስክሪብቶ ተጭኖ ወደ ፊት ይወጣል።

---

ወለላ

እኔ የቤተሰቡን ገጽ ብቻ ልናገር፤ ጠብ የሚነሣው እዚያ ነውና።

እናታችሁን ጠዋት ጠዋት አነጋግሩ፣ ከ40 ደቂቃ አይለፍ። ሐዘንተኛ ናቸው፣ ይደክማቸዋል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ፎቶ ይዛችሁ «ይህ የት ነው? ማን አነሣው?» በሉ። ዓመት አትጠይቁ። በነገር ጠይቁ፦ ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ? አብዮቱ ሲፈነዳ የት ነበራችሁ? የ77 ድርቅ ጊዜ መስክ ነበሩ ወይስ ቤት? ኢሕአዴግ ሲገባ የትኛው ልጅ ስንተኛ ክፍል ነበር? ከዚያ ዓመቱን እናንተ ቁጠሩት፦ 1953፣ 1966፣ 1977፣ 1983። የልጆች ልደት ደግሞ ከሁሉም የተሻለ መቁጠሪያ ነው።

መስክ ላይ የኖረ ሰው ቤት እንዴት አባት እንደነበረ «ቤተሰቡን የሚወድ» በሚለው አይታይም። ሰባታችሁም ለየብቻችሁ፣ ሳትመካከሩ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ መልሱ፦ ከመስክ ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? ዕቃቸውን የት ያስቀምጡ ነበር? ምን ሲበላሽ ራሳቸው ይጠግኑ ነበር? ሦስታችሁ ያለተመካከራችሁ አንድ ነገር ከጻፋችሁ እሱን አስገቡት።

ስም ዝርዝሩን በእጅ ጻፉና ለትልቁ ዘመድ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሚቀረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ በሕፃንነቱ ያረፈ ልጅ፣ ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ያደገች የዘመድ ልጅ። «የሰባት ልጆች አባት» ስትሉ ያረፈው ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን ለእናታችሁ ተዉት። የእናታችሁም ስም «ባለቤታቸው» ተብሎ አይታለፍ፤ ከነአባታቸው ስም ይጻፍ፣ 30 ዓመት ሙሉ ቤቱን ይዘው የቆዩት እሳቸው ናቸውና። የክርስትና ስማቸውን ከንስሐ አባታቸው አረጋግጡ፤ ለጸሎቱ የሚፈለገው እሱ ነው።

ማተሚያ ቤቱን ዛሬ ጠይቁ። በመሃል ስቴፕል የሚታሰር መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ 16 ጥሩ ነው፣ 18 ብትሉ ግን ሁለት ባዶ ገጽ ይወጣል። ጽሑፉን ከ12 ቀን በኋላ ዝጉት፣ ሌላው ለማረምና ለማተም ነው። አርባው ዕለት የሚነበበው መጽሔቱ ሳይሆን ከሱ የወጣ አንድ ገጽ ተኩል ይሁን፤ በእርጋታ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው።

---

ማኅተመ ድንጋይ

ሐውልቱን በተመለከተ፦ ጽሑፉን በስልክ አታስተላልፉ። በትክክለኛው መጠን በወረቀት አትማችሁ፣ ሁለት ሰው ፈርሞበት ስጡ፤ ፊደል ከተቀረጸ በኋላ መመለሻ የለውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይ የምትከተሉት እሳቸው ስማቸውን ሲፈርሙ የጻፉትን ነው።

ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ካስጻፋችሁ 1926 ማለት ፲፱፻፳፮ ነው፤ 2017 ደግሞ ፳፻፲፯። ብዙ ጊዜ የመቶዋ ምልክት ፻ ትዘነጋና ፲፱፳፮ ተብሎ ይቀረጻል፤ እንዲህ ሆኖ ዓመት አይሆንም። እብነ በረድ ከሆነ በሎሚም ሆነ በሆምጣጤ አይታጠብ፣ አሲድ ፊቱን ይበላዋል። ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

---

ቤንች ማርክ

አንድ የረሳሁት። ያች የተሰረዘች ገጽ ባለችበት ደብተር የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ። የቤንች ማርኮቹ አድራሻ እዚያ ይጻፋል፤ «በከልቨርቱ ራስጌ ግንብ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቀለም የተቀባ» የመሰለ ነገር። ቦታው ከተነበበ ሄዳችሁ ፈልጉት። በኪሎ ሜትር ቁጥሩ ግን አትተማመኑ፤ መንገዱ በኋላ ከተሻሻለ ኩርባ ተቆርጦ ርቀቱ ስለሚያጥር የዛሬው 12+400 የያኔው አይደለም። ከአንድ የማይነቃነቅ ነገር፣ ከወንዝ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ተነሥታችሁ በደብተሩ ላይ ያለውን ልዩነት ቁጠሩ። ግንቡ ካለ ቀለሙ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ በመሮ የተመታ መስቀል ወይም የተቀበረ ብረት ግን ይቆያል። በእጅ ዳብሱት። ካገኛችሁት ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት።